አልቆም ያለ የራዲያተር ፋን

(በማኅበራችን ወርኀዊ ስብሰባ ላይ የተሰጠ ገለጻ። በስብሰባው ላይ ለመገኘት ላልቻሉ ነዋሪዎች እንዲዳረስ በማስታወቂያ ሰሌዳችን ላይ የወጣ።)




ባለፈው ስብሰባ ማብቂያ ላይ አንድ ወንድማችን ጥያቄ አንሥተው ነበር። «መኪናዬን አጥፍቼ፣ ቁልፉን ነቅዬ ቤቴ እገባለሁ፤ የራዲያተሩ ፋን ግን መዞሩን አይተውም። ጠዋት ስመጣ ባትሪው ሞቶ አገኘዋለሁ። ምን ላድርግ?» የሚል ነበር። ጥያቄው ሲነሣ ከወዲህም ከወዲያም «የእኔም እንደዚያው ነው»፣ «የእኔ ደግሞ ገና ሞተሩ ሳይሞቅ ይጀምራል» የሚል ድምፅ በዛ። በመሆኑም በሰፈራችን ውስጥ በመካኒክነትና በአውቶ ኤሌትሪክ ሥራ የምንተዳደር አባላት ተሰባስበን ጉዳዩን ሰፋ አድርገን እንድናስረዳ ኮሚቴው አዞናል። እኛም እነሆ የምናውቀውን ይዘን ቀርበናል።

ነገሩ ቀላል እንዳይመስላችሁ። ጠያቂያችን በዚያች መኪና ሰው አመላልሰው ልጆች የሚያሳድጉ ናቸው። ጠዋት 12 ሰዓት ላይ መኪና አልነሣም ካለ የዚያ ቀን ገቢ ቀረ ማለት ነው። እስቲ አብረን እናስላው። የአንዲት ትንሽ አውቶሞቢል ፋን ሲዞር 120 ዋት ያህል ይወስዳል እንበል። ባትሪው 12 ቮልት ነውና ይህ 10 አምፔር መሆኑ ነው። 45 አምፔር ሰዓት የሚይዝ ደኅና ባትሪ በዚህ አኳኋን በአራት ሰዓት ተኩል ውስጥ ጨርሶ ባዶ ይሆናል። ሞተር ለማስነሣት ጉልበት የሚያጣው ግን ከዚያ በፊት ነው፤ ያረጀ ባትሪ ከሆነማ ሁለት ሰዓትም ላይቆይ ይችላል። ደግሞም እንዲህ እየደጋገመ ባዶ የሚሆን ባትሪ ቻርጅ ቢደረግም የቀድሞ አቅሙ አይመለስለትም። ሰዎች «ባትሪው ነው የተበላሸው» እያሉ አዲስ የሚገዙት፣ አዲሱም በወሩ የሚሞተው አንዳንዴ በዚህ ምክንያት ነው።

ታዲያ አብዛኛው ሰው የሚወስደው እርምጃ ምንድን ነው? አንዱ ሽቦውን ይቆርጣል። ሌላው ፋኑን ከነጭራሹ ይነቅላል። ሦስተኛው ደግሞ «ዳይሬክት እሰርልኝ» ብሎ ከውስጥ በማብሪያ ማጥፊያ እንዲሠራ ያስደርጋል። በእኛ አስተያየት ሦስቱም ጥያቄውን ሳይሰሙ መልስ መስጠት ናቸው። አልቆም ያለ ፋን ከሁለት ነገሮች አንዱን እየተናገረ ነው። ወይ ሞተሩ እውነትም ከመጠን በላይ ሞቋል፣ ፋኑም ግዴታውን በመወጣት ላይ ነው፤ ወይም ሞተሩ ቀዝቅዞ ሳለ «ሞቋል» የሚል የሐሰት መልእክት እየደረሰው ነው። የመጀመሪያው ሆኖ ሳለ ሽቦ የቆረጠ ሰው የቴስታታ ጓርኒሲዮኑን አቃጠለ፣ ምናልባትም ቴስታታውን አጣመመ ማለት ነው። ሁለተኛው ሆኖ ሳለ ሞተር ያስፈታ ሰው ደግሞ ሽቦ በማጽዳት የሚያልቅ ነገር ላይ ገንዘቡን አፈሰሰ። ስለዚህ ከሁሉ አስቀድሞ እነዚህን ሁለቱን መለየት ይገባል። መለያው ደግሞ እንደሚፈራው ከባድ አይደለም፣ ወጪም የለውም።

ወደ ፍተሻው ከመግባታችን በፊት ግን ስለ ጥንቃቄ አንድ ቃል። በኤሌትሪክ የሚሠራ ፋን ሞተሩ ጠፍቶም ቢሆን ሳይታሰብ ሊነሣ ይችላል። ኮፈን ከፍታችሁ ስትሠሩ እጃችሁን፣ ነጠላችሁን፣ የአንገት ልብሳችሁን ከፋኑ አርቁ። ልጆች ደግሞ የተከፈተ ኮፈን ሲያዩ መክበባቸው አይቀርምና ዞር በሉ ይባሉ። የሞቀ ራዲያተር ክዳን በፍጹም አይከፈትም። በግፊት ታምቆ የነበረው ውሃ ክዳኑ ሲላላ በአንድ ጊዜ ወደ እንፋሎት ተለውጦ ፊት ላይ ይፈነዳል። ሞተሩ በደንብ እስኪቀዘቅዝ መጠበቅ ነው፤ ሌላ ዘዴ የለውም።

አሁን ወደ ሥራው እንምጣ። የእናንተ ፋን ከየትኛው ወገን ነው? ብዙ ላንድ ክሩዘሮች፣ ፒክአፖችና የሃይስ ሚኒባሶች ፋናቸው በቺንጋ ከሞተሩ ጋር የተያያዘ ነው። ሞተር እስከ ዞረ ድረስ እነሱም ይዞራሉ፤ ሞተር ሲጠፋ ይቆማሉ። ይህ አሠራራቸው እንጂ ብልሽት አይደለም። በእነዚህ ላይ ሊበላሽ የሚችለው መሐል ላይ ያለችው ዘይት ያዘለች ክላች ናት። እሷ ከተቆለፈች ፋኑ ጠዋት በብርዱም እንደ አውሮፕላን ይጮኻል፣ ነዳጅም ይበላል፤ ባትሪ ግን አይገድልም። የዛሬው ጉዳያችን በኤሌትሪክ የሚዞረው ነው። የፊት ጎማ በሚነዳቸው ትናንሽ አውቶሞቢሎች ላይ ያለው ይኸው ዓይነት ነው።

ቀጥሎ ደግሞ ፋኑ ለመዞር ሕጋዊ ምክንያት እንዳለው እንይ። የአየር ማቀዝቀዣ ያለው መኪና ማቀዝቀዣው ሲበራ፣ ሞተሩ ቢቀዘቅዝም ባይቀዘቅዝም፣ ፋኑ እንዲዞር ተደርጎ ነው የተሠራው። እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳትባት አንዲት ነገር አለች። በክረምት የፊት መስታወት ጉም ሲይዝ የመስታወት ማጽጃዋን እንጫናለን። በብዙ መኪኖች ላይ ያቺ ቁልፍ ማቀዝቀዣውንም አብራ ታስነሣለች፤ አየሩን የምታደርቀው በእሱ ነውና። እንግዲህ ሰውየው «ማቀዝቀዣ አልነካሁም፣ ዝናብ እየዘነበ ፋኑ ይዞራል» ብሎ ወደ ጋራዥ ይሮጣል። ስለዚህ መጀመሪያ ሁለቱንም አጥፉና ፋኑ ዝም ይል እንደ ሆነ አድምጡ። ደግሞም አንዳንድ መኪኖች ሞተር ከጠፋ በኋላ ለጥቂት ደቂቃዎች እንዲያቀዘቅዙ ሆነው የተሠሩ ናቸው። አምስት ወይም አሥር ደቂቃ ዞሮ የሚቆም ከሆነ ተዉት።

እነዚህን ካለፍን በኋላ የሚቀረን «የጠዋት ፈተና» ብለን የምንጠራው ነው። መኪናዋ አድራ፣ ሞተሩ እንደ ድንጋይ ቀዝቅዞ ሳለ ኮፈኑን ክፈቱ። ሌሊቱን ፋኑ ባትሪ የሚገድል ከሆነ ማታውኑ የባትሪውን ነጌቲቭ ፈትታችሁ አሳድሩና ጠዋት መልሱት። ሽቦው ሲነካ፣ ቁልፍ ሳይዞር ፋኑ ከተነሣ ጥፋቱ ያለው ሪሌው ላይ ወይም ሰው የነካካው ሽቦ ላይ ነው። ቁልፉን ስታዞሩ፣ ሞተሩ ገና ሳይነሣ ከጀመረ ደግሞ የሙቀት ስዊቹ ወይም ሴንሰሩ፣ ወይም ወደ እነሱ የሚሄደው ሽቦ የሐሰት ወሬ እያቀበለ ነው፤ ያደረ ሞተር ሙቀት የለውምና። በሁለቱም ካልተነሣ ሞተሩን አስነሥታችሁ ጠብቁ። ሲሞቅ ጀምሮ፣ አንዴ ከጀመረ በኋላ ግን አልቆምም ካለ እውነተኛ ሙቀት መኖሩን ጠርጥሩ።

ይህ ሦስተኛው ለሞተሩ አደገኛ ስለ ሆነ ትንሽ እንቆይበት። ከተማችን አዲስ አበባ ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍ ያለች ናት። በዚህ ከፍታ የአየሩ ግፊት አነስተኛ ስለ ሆነ ግጣም በሌለው ድስት ውስጥ ያለ ውሃ የሚፈላው በ100 ዲግሪ ሳይሆን በ92 ዲግሪ አካባቢ ነው። የብዙ መኪኖች ፋን ደግሞ የሚነሣው ከ90 ዲግሪ አለፍ ሲል ነው። አያችሁ ነገሩን? የራዲያተሩ ክዳን ግፊት ካልያዘ፣ ባሕር ዳርቻ ላይ ገና ያልፈላ ውሃ እኛ ሰፈር ሲደርስ ፋኑ በሚነሣበት ሙቀት ላይ ይንተከተካል ማለት ነው። ጤነኛ ክዳን 0.9 ባር ያህል ግፊት ሲይዝ እዚሁ አዲስ አበባ የመፍያውን ነጥብ ከ110 ዲግሪ በላይ ያደርሰዋል። ስለዚህ ላስቲኳ የደረቀች፣ ሞላዋ የላላ ክዳን ትንሽ ዕቃ ብትመስልም ውሃው ቀስ በቀስ እየተነነ እንዲያልቅ፣ ሞተሩም እንዲሞቅ፣ ፋኑም እንዳይቆም ታደርጋለች። ውሃ እየጎደለባችሁ የሚያፈስበት ቦታ ከታጣ ከክዳኑ ጀምሩ።

ክዳኑ ደኅና ከሆነ ራዲያተሩን ከፊት ለፊት ተመልከቱ። በአቧራ፣ በገለባና በነፍሳት ታፍኖ ከሆነ ፋኑ ቀኑን ሙሉ ቢዞር አየር አያልፍም። ከሞተሩ ወገን ወደ ውጭ ኀይሉ ባልበዛ ውሃ ይታጠብ፤ በኀይለኛ ግፊት የታጠበ እንደ ሆነ እነዚያ ስስ ክንፎች ይተኛሉ። ለዓመታት የቧንቧ ወይም የጉድጓድ ውሃ ብቻ ሲሞላበት የኖረ ራዲያተር ደግሞ ከውስጥ ይዘጋል፤ በዝገትና ማንቆርቆሪያ ላይ በምናየው ዓይነት ነጭ ቅርፊት። ኩላንት የሚገዛው ለቅንጦት አይደለም፤ ዝገቱን ይከላከላል፣ የመፍያውንም ነጥብ ጥቂት ዲግሪ ከፍ ያደርጋል። የላይኛው የላስቲክ ቱቦ በጣም ሞቆ የታችኛው ቀዝቃዛ ከሆነ ወይ ቴርሞስታቱ አልከፈተም ወይ ራዲያተሩ ተደፍኗል።

ብዙ ጊዜ የማይታሰብ ሌላ ነገርም አለ። ፋኑ በቅርቡ ተቀይሮ ወይም ሞተሩ ተጠግኖ ከሆነ ሁለቱ ሽቦዎች ተዛንፈው ታስረው ሊሆን ይችላል። ያን ጊዜ ፋኑ ይዞራል፣ ግን አየሩን ወደ ተቃራኒው ይገፋል። ከራዲያተሩ በስተኋላ የተገጠመ ፋን አየር ከፊት ወደ ሞተሩ መሳብ አለበት። አንዲት ብጣሽ ወረቀት ከመኪናው ፊት፣ ከግሪሉ ላይ አስጠጉ። ከተለጠፈች ደኅና ነው፤ ወደ እናንተ ከተገፋች ሽቦው ተገልብጧል። እንዲህ ያለች መኪና በጎዳና ላይ ስትሮጥ ደኅና ትሆናለች፣ መስቀል አደባባይ መብራት ላይ ስትቆም ግን ትፈላለች።

አሁን ወደ ሐሰተኛው መልእክት እንመለስ። ከሪሌው እንጀምር። ሪሌ ማለት በትንሽ ኀይል የሚታዘዝ ትልቅ ማብሪያ ማጥፊያ ነው። ውስጡ ያሉት ሁለት የብረት ነጥቦች ከዓመታት ብልጭታ በኋላ አንዳንዴ ተጣብቀው ይቀራሉ፤ ትእዛዙ ቢቋረጥም ኀይሉ አይቋረጥም። ቁልፉ ተነቅሎ ፋኑ የሚዞር ከሆነ ሪሌውን ከሶኬቱ ንቀሉ። ፋኑ ከቆመ፣ መልሳችሁም ስትሰኩት ያለ ቁልፍ እንደገና ከተነሣ፣ ያች ሪሌ ተጣብቃለችና ትቀየር። ሪሌው ተነቅሎ እንኳ ፋኑ ካልቆመ ግን አንድ ሰው በሌላ መንገድ ኀይል አምጥቶለታል። ያገለገለ መኪና የገዛችሁ ሰዎች ይህን አጥብቃችሁ ጠርጥሩ። ከፋኑ ተነሥታችሁ ሽቦውን ስትከተሉ ከፋብሪካው ቀለም የማይመሳሰል፣ በፕላስተር የተጠቀለለ፣ በቀጥታ ወደ ባትሪ የሚሄድ ሽቦ ልታገኙ ትችላላችሁ። ፊውዝ የሌለው ከሆነ ጉዳዩ ከባትሪ ሞት ያልፋል። በቀጭን ሽቦ ላይ 10 አምፔር ሌሊቱን ሙሉ ሲያልፍ ላስቲኩ ይቀልጣል፣ እሳትም ሊነሣ ይችላል። እንዲህ ያለውን ሽቦ ከማንሣታችሁ በፊት ግን ያሰረው ሰው ለምን እንዳሰረው ጠይቁ፤ ከበስተጀርባው ያልተጠገነ ሌላ ብልሽት ተደብቆ ይሆናልና።

ስለ ሙቀት ስዊቹ ስንናገር ደግሞ መካኒኮችም ጭምር የሚደናገሩበት ነገር ስላለ ጆሮ ስጡን። ብዙ የአውሮፓ መኪኖች ላይ ስዊቹ ሲቀዘቅዝ ክፍት፣ ሲሞቅ ዝግ ነው። ሶኬቱን ነቅላችሁ ፋኑ ከቆመ ስዊቹ ተበላሽቷል ትላላችሁ፤ ትክክል ነው። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ በተሠሩ ብዙ የቶዮታ መኪኖች ላይ ግን ነገሩ ግልብጥ ነው። ስዊቹ ከ83 ዲግሪ በታች ዝግ ሆኖ ሪሌውን ይዞ ፋኑን ያቆመዋል፤ ወደ 93 ዲግሪ ሲደርስ ይከፈታል፣ ፋኑም ይነሣል። እንዲህ የተደረገው በጥበብ ነው። ሽቦ ቢበጠስ እንኳ ፋኑ ይዞራል እንጂ ሞተሩ አይቃጠልም። ስለዚህ በእነዚህ መኪኖች ላይ የስዊቹን ሶኬት ነቅሎ «ይኸው ፋኑ ዞረ፣ ሌላ ቦታ ነው የተበላሸው» ማለት ስሕተት ነው፤ ቢነቀል መዞሩ ያለ ነው። ትክክለኛው ፈተና ቁልፉ በርቶ፣ የተነቀለውን ሶኬት ሽቦ ከሞተሩ ብረት ጋር በሌላ ሽቦ ማገናኘት ነው፤ ይህ ግን ሶኬቱ አንድ ሽቦ ብቻ ሲኖረው ነው። ፋኑ ከቆመ ሽቦውና ሪሌው ደኅና ናቸው፣ ስዊቹ ነው ጥፋተኛው። ካልቆመ ሽቦው መሐል ላይ ተበጥሷል፣ ወይም ሪሌው ነው።

ከእኛ አንዱ የሠራው አንድ ኮሮላ ለዚህ ጥሩ ምሳሌ ይሆናል። ጠዋት ቁልፍ ሲዞር ወዲያው ፋኑ ይነሣል። ባለቤቱ ቀደም ብለው ወደ አንድ ጋራዥ ወስደውት ቴርሞስታት ተቀይሯል፣ የውሃ ፓምፕ ተቀይሯል፣ በመጨረሻም «ቴስታታው ይውረድ» ተብለዋል። የጠዋቱ ፈተና ግን ሙቀት የሚባል ነገር እንደሌለ በሁለት ደቂቃ ውስጥ አሳየ። የስዊቹ ሶኬት ሲነቀል ውስጡ እንደ ሻጋታ አረንጓዴ ሆኗል፤ ከላዩ የነበረ ቱቦ ሲያንጠባጥብበት ኖሮ መዳቡን በልቶታል። ጫፉ ተቆርጦ፣ አዲስ ተርሚናል ተገጠመለት፣ ቱቦውም ተጠበቀ። ፋኑ ቆመ። የወጣው ገንዘብ ቀደም ሲል ለውሃ ፓምፑ ከተከፈለው ጋር የሚነጻጸር አይደለም።

አንዳንድ ሰው ስዊች ፈትቶ በድስት ውሃ ውስጥ እያፈላ ይፈትናል። ዘዴው መልካም ነው፣ ነገር ግን ቅድም ያልነውን አስታውሱ። በ93 ዲግሪ የሚከፈት ስዊች አዲስ አበባ ላይ በሚፈላ ውሃ ውስጥ ቢዋል ላይከፈት ይችላል፤ ውሃው ራሱ እዚያ ሙቀት ላይ አይደርስምና። ጤነኛ ዕቃ «ሞቷል» ተብሎ ሊጣል ነው። ውሃውን ከኩላንት ጋር እኩል ቀላቅላችሁ ብታሞቁት ያልፈዋል። ይህ ግን ወጥ በሚሠራበት ድስት አይደረግም። ብዙው ኩላንት መርዝ ነው፣ ደግሞም ይጣፍጣል፤ ልጅም ውሻም ሊልሰው ይችላል። ለእኛ ለዛሬው ጉዳይ እንኳ ማፍላቱ አያስፈልግም። ጥያቄያችን «ቀዝቅዞ ለምን አይቆምም?» ነውና ስዊቹን ቀዝቃዛ እያለ በቴስተር መለካት ይበቃል። ግልብጥ በሚሠራው ቶዮታ ላይ ቀዝቅዞ መገናኘት አለበት፤ በሌላው ዓይነት ደግሞ መገናኘት የለበትም።

አዳዲሶቹ መኪኖች፣ ለምሳሌ በከተማችን የበዙት ሱዙኪ ዲዛየሮች፣ ፋኑን የሚያዙት በኮምፒዩተር ነው። ኮምፒዩተሩ ሙቀቱን የሚያውቀው በሴንሰር ሲሆን፣ ሴንሰሩ ሲቀዘቅዝ ተቃውሞው ይጨምራል፣ ሲሞቅ ይቀንሳል። በብዙዎቹ ላይ በ20 ዲግሪ ከ2,000 እስከ 3,000 ኦም፣ በ80 ዲግሪ ከ200 እስከ 400 ኦም ድረስ ይለካል። የሴንሰሩ ሽቦ ሲላቀቅ ኮምፒዩተሩ ማወቅ ስለሚሳነው «ከሚቃጠል ይዙር» ብሎ ፋኑን ይለቀዋል፤ ዳሽቦርዱ ላይም የሞተር መብራት ይበራል። የመመርመሪያ ማሽን ያለው ሰው ካገኛችሁ ያደረች መኪና ላይ ያስነብባችሁ። የውሃው ሙቀት የጠዋቱን አየር ያህል መሆን አለበት። አየሩ 12 ዲግሪ ሆኖ ውሃው 95 ነው ካለ፣ ወይም ከዜሮ በታች 40 ነው ካለ፣ ሴንሰሩ ወይም ሽቦው ዋሽቷል።

እስከሚጠገን ድረስ ሌሊቱ እንዴት ይለፍ? ሽቦ አትቁረጡ። ማታ ሞተሩ ከቀዘቀዘ በኋላ የፋኑን ሪሌ ወይም ፊውዝ ንቀሉና ከመኪናው ቁልፍ ጋር በክር አስራችሁ አሳድሩ። ኪሳችሁ ውስጥ ወይም መሳቢያ ውስጥ ያኖራችሁት እንደ ሆነ ጠዋት በጥድፊያ ትረሱትና ፋን በሌለው መኪና መንገድ ትወጣላችሁ። ቀኑን ሙሉ መዞሩ ፋኑን ቢያስረጅ እንጂ ሞተሩን አይገድለውም። ጨርሶ አለመዞሩ ነው የሚገድለው።

ከገለጻው በኋላ ከቀረቡት ጥያቄዎች ጥቂቶቹን እናክል።

አንድ ወጣት «ቴርሞስታቱን አውልቆ መጣል ይሻላል ይባላል፤ እውነት ነው ወይ?» ሲል ጠይቋል። እኛ አንመክርም። ሞተሩ በብርዱ ጊዜ ሳይሞቅ ይቆያል፣ ነዳጅ ይበላል። ከዚህም በላይ በአንዳንድ ሞተሮች ላይ ቴርሞስታቱ ሲከፈት የጎን መተላለፊያውን አብሮ ይዘጋል። እሱ ሲወጣ ውሃው ራዲያተሩን ትቶ በአቋራጭ ይዞራል፣ ሞተሩም ይብሱን ይሞቃል።

አንዲት እኅታችን ደግሞ «ሪሌ ሁሉ አንድ ዓይነት አይደለም ወይ? የጡሩምባውን ነቅለን ብንሞክርስ?» ብለዋል። በአብዛኛው መኪና ላይ ቁጥሩና ጀርባው ላይ ያለው ሥዕል አንድ ከሆነ ለመሞከሪያ ይሆናል። ቅድም በተናገርነው ግልብጥ የቶዮታ አሠራር ላይ ግን የፋኑ ሪሌ ሳይታዘዝ የሚዘጋ ዓይነት ስለሆነ የጡሩምባው አይተካውም። ሶማሌ ተራ ስትሄዱ «የፋን ሪሌ ስጠኝ» ብላችሁ ብቻ አትግዙ፤ አሮጌውን ይዛችሁ ሂዱና ቁጥሩን፣ የእግሮቹን አቀማመጥና ሥዕሉን አስተያዩ።

አንድ አባት በቅርቡ የገዙት የኤሌትሪክ መኪና ቻርጅ ሲደረግ ፋኑ እየጮኸ ጎረቤት እንደሚቀሰቅስ ገልጸው «ነዳጅ የሌለው መኪና ምን ያሞቀዋል?» ብለዋል። መንግሥት በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች እንዳይገቡ ከከለከለ ወዲህ ይህ ጥያቄ እየበዛ ነው። የኤሌትሪክ መኪና ባትሪውና ቻርጀሩ ኀይል ሲቀበሉ ይሞቃሉ፤ በብዙዎቹም ላይ ቆመው ሳለ ፋን የሚዞረው እነሱን ለማቀዝቀዝ ነው። ቻርጅ ካለቀ ጥቂት ቆይቶ የሚቆም ከሆነ አባታችን አይሥጉ። ሳይቆም የሚያድር ከሆነ ግን እዚህ የተናገርነውን በእሱ ላይ አይሞክሩ፤ በውስጡ ያለው ቮልት ሰው ይገድላልና ለዚያ ሥራ ወደ ሠለጠነ ባለሙያ ይወሰድ።

የጠዋቱን ፈተና ብቻውን መሞከር የሚከብደው ነዋሪ ካለ ስሙንና የቤት ቁጥሩን ለማኅበሩ ጥበቃ ያስመዝግብ። እሑድ ጠዋት ከ12 ሰዓት ተኩል ጀምሮ ቴስተርና የሙከራ አምፑል ይዘን ቤት ለቤት እንዞራለን። ሒሳብ አይጠየቅም። እባካችሁ እኛ ሳንደርስ ሞተሩን አታስነሡት፤ አንዴ ከሞቀ ለዚያ ቀን ፈተናው አይሠራም።